ቱቦው ያልመጣለት ፓምፕ

ችግሩ ሲነገር እንቆቅልሽ ይመስላል። የእርሻ መድኃኒት መርጫው ፓምፕ አዲስ አበባ ላይ ውሃ ይስባል። መቂ ሲወስዱት አይስብም። አዲስ አበባ ሲመልሱት ይስባል። መቂ ሲደርስ እንደገና እምቢ።

የምሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፤ ከሶማሌ ተራ ብዙም አንርቅም። ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ አንዳንዴም የመኪና ማጠቢያ ማሽን እንጠግናለን። የእርሻ መርጫ መሀል ከተማ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። መለዋወጫው ያለው እዚህ ነው። የመቂ ወይም የቆቃ አትክልት አምራች መርጫው ሲበላሽበት ፓምፑን ፈቶ፣ አትክልት በጫነ አይሱዙ ላይ ይልከዋል። ማሽኑን ከነሙሉ ዕቃው የሚልክ ጥቂት ነው። የዚህ ጉዳይ ጣጣ የጀመረውም ከዚሁ ነው።

ባለንብረቷን እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላቸው። አትክልት ተራ ፒያሳ እያለ ቲማቲምና ሽንኩርት ያከፋፍሉ ነበር። በ2012 በኮሮና ጊዜ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተነሳ፤ ኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። እሳቸውም «ከማከፋፈል ማምረት ይሻለኛል» ብለው መቂ መሬት ተከራዩ። ቤታቸው አሁንም አራት ኪሎ ነው። እርሻው ላይ የሚውልላቸው የእህታቸው ልጅ ነው።

መርጫው ብዙ አምራች እጅ ላይ ያለው ዓይነት ነው። ትንሽ የቤንዚን ሞተር በቺንጋ ባለሦስት ፒስቶን ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ላይ ሦስት ቱቦ ይገጠማል። አንዱ መሳቢያው ነው፤ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው፣ መድኃኒቱ የተበጠበጠበት በርሜል ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው መመለሻው ነው፤ ያልተረጨውን ትርፍ ወደ በርሜሉ ይመልሳል። ሦስተኛው ረጅሙ ነው፤ ሠራተኛው እየጎተተ ማሳ ውስጥ የሚገባበት።

ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት

ፓምፑ መጀመሪያ የሄደው ሌላ ጥገና ቤት ነው። እነሱ ፈቱት። የፒስቶኖቹን ጎሚኒዎች፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያዎቻቸውን፣ ቀየሩ። ውሃውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ስድስቱንም ቫልቮላዎች ከነሞላቸው በአዲስ ተኩ። ከዚያ የራሳቸውን መሳቢያ ቱቦ ገጠሙለት፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተቱና ሞከሩት። ሳበ። ግፊቱም ጥሩ ሆነ። እትዬ ዓይናቸው እያየ ተረጨ፤ ከፈሉ፣ ወሰዱ።

መቂ ላይ አልሳበም። መለሱት። ጥገና ቤቱ በዚያው ቱቦ፣ በዚያው ባልዲ ሞከረው። አሁንም ሳበ። «ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ የእናንተ ልጅ አያያዝ አያውቅበትም» ተባሉ። ልጁ ተናደደ። እትዬ ልጁን ተቆጡ። በመጨረሻ እዚያ የነበረ አንድ ሰው ፍልስፍናውን አመጣ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ መቂ ዝቅተኛ ነው፤ ፓምፑ ቆላው አልተስማማውም።

ይህን ሲነግሩኝ ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ከፍታ ከፓምፕ ጋር በእርግጥ ይገናኛል። የሚገናኘው ግን በተቃራኒው ነው።

ፓምፕ «ውሃ ይስባል» እንላለን እንጂ፣ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው አየሩ ነው። ፓምፑ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው። ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ የሚጫነው አየር ውሃውን ወደ ቱቦው ይገፋዋል። ባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ሽቅብ ሊያወጣ ይችላል። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጣሪያው ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል። መቂ በ1,650 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ወደ 8.5 ሜትር ታገኛለች። ይህ በወረቀት ነው፤ በተግባር ሁሉም ከዚህ በጣም ያንሳል። ፍርዱ ግን አይለወጥም። አዲስ አበባ ላይ የሳበ ፓምፕ መቂ ላይ ይበልጥ መሳብ አለበት።

ስለዚህ ቦታው አይደለም። ፓምፑም አይደለም፤ እዚህ ሠርቷል። እዚህ ያለና እዚያ የሌለ፣ ወይም እዚያ ያለና እዚህ ያልመጣ ነገር አለ ማለት ነው። እትዬ ፓምፑን ጠረጴዛችን ላይ ሲያስቀምጡ የጠየቅኋቸው አንድ ጥያቄ ነበር።

«ቱቦውስ?»

«የምን ቱቦ?»

«መሳቢያው። ከበርሜሉ የሚስበው።»

«እሱማ እዚያው እርሻው ላይ ነው። ቱቦ ምን ይሆናል ብለህ ነው ልጄ?»

ልጁ በስልክ የነገረኝ

ለእህታቸው ልጅ ደወልን። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ላይ ማሽኑ አጠገብ የሚውል ሰው የሚናገረው ከመፍቻ ይበልጣል። የሚያሳዝነው፣ እስከዚያ ድረስ ማንም አልጠየቀውም። ሁሉም የነገረው አያያዝ እንደማያውቅ ነው።

ሲያስነሳው ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ትንሽ ውሃ ይመጣል፤ ውሃው ግን ይንተፋተፋል፣ ነጭ አረፋ የበዛበት ነው። ጋዝ ሲሰጠው ጭራሽ ይቆማል። የግፊት መለኪያው መርፌ ይዘላል፣ ከዚያ ዜሮ ላይ ይተኛል። ሞተሩን ሲያጠፋ ደግሞ መሳቢያው ቱቦ ቀስ እያለ «ይነፋል» አለኝ።

«እንዴት ይነፋል?»

«መጀመሪያ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሳጠፋው ይመለሳል።»

ይቺ ቃል ለእኔ ከበቂ በላይ ነበረች። ግን ቀጠልኩ። ከየት መጣ ቱቦው? የድሮው ፀሐይ ሰነጣጥቆት ስለተጣለ፣ ቤት ያለውን የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጠው ነው የገጠሙት። ርዝመቱስ? ስድስት ሜትር ገደማ፤ በርሜሉ ጋሪ ላይ ስለሆነ እንዲደርስ ብለው። ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ? ፓምፑ ላይ ውሃ እጨምራለሁ። ካልሆነስ?

«ካልሆነማ በአፌ ስቤ አስነሳዋለሁ።»

እትዬ ስልኩን ከእጄ ቀሙኝ። ያሉትን አልጽፈውም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቤንዚን ከታንከር በአፍ ስቦ የሚያወርድ ሰው ሁላችንም አይተናል፤ ከዚያ የመጣ ልማድ ይመስለኛል። ይህ ቱቦ ግን ትናንት ፀረ ተባይ ያለፈበት ነው። ቲማቲም ላይ ከሚረጩት ነፍሳት ገዳዮች ውስጥ እንደ ፕሮፌኖፎስ ያሉት የነርቭ ሥርዓትን የሚያውኩ ናቸው። ሰው ላይ ሲሠሩ ምራቅና ላብ ያበዛሉ፣ ያስታውካሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ቱቦው የታጠበ ቢመስልም ግድግዳው ውስጥ የሰረገ አይወጣም። ፓምፑ እምቢ ካለ እምቢ ይበል። በአፍ አይሳብም፣ የተደፈነ ቀዳዳም በአፍ አይነፋም። ልጁ እሺ አለ። አክስቱ ያሉትን ከሰማ በኋላ እምቢ ማለትም አይችልም ነበር።

ውሃ ስለመጨመሩ ደግሞ፣ ልጁ ያደረገው ሞኝነት አይደለም። መቂ ላይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የመስኖ ፓምፕ ነው። እሱ ሴንትሪፉጋል ነው፤ ውስጡ የሚሽከረከር ጎማ መሰል ነገር አለው። አየርን መግፋት አይችልም፣ ውሃ ብቻ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ሆዱን በውሃ ሳይሞሉት አይነሳም፤ ቱቦው ጫፍ ላይም ውሃው እንዳይመለስ የሚይዝ ፉት ቫልቭ ይደረግለታል። ባለፒስቶኑ መርጫ ግን የተለየ ነው። ፒስቶኑ አየርንም ይገፋል። ውሃ መጨመር ደርቀው የቀሩ ቫልቮላዎችን ያርሳል፣ ትንሽ ይረዳል። ከታች አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ግን ሙሉ ጄሪካን ቢገለበጥበትም ለውጥ የለውም።

በነጋታው ሌሊት ቱቦው መጣ። ቲማቲም ከጫነ አይሱዙ ሣጥኖች መሀል ተጠቅልሎ፣ ከነወንፊቱ፣ ከነመመለሻው። እንዲፈታ አልፈለግሁም። «እንዳለ፣ ሽቦውንም ሳትነካ ላከው» ብዬው ነበር፤ እንዳለ ላከው። ከመላኩ በፊት ግን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ እንዲያጥበውና እጥቢውን እዚያው ማሳው ላይ እንዲደፋው አስጠንቅቄዋለሁ። እኛ ቤት የመድኃኒት እጥቢ አይደፋም። የከተማው ቦይ ወደ ወንዝ ይገባል፣ ወንዞቹ አቃቂ ላይ ይሰበሰባሉ፣ በዚያ ውሃ ደግሞ ጎመን የሚያጠጣ ሰው አለ።

ጠረጴዛው ላይ

ቱቦውን ዘረጋነው። አረንጓዴ፣ ስስ ግድግዳ ያለው፣ ግማሽ ኢንች የአትክልት ጎማ። በሁለት ጣት ሲጫኑት ግድግዳዎቹ ይነካካሉ። ይህ ጎማ የተሠራው ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲገፋው እንዲችል ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲጫኑት የሚሸከምበት አጥንት የለውም። የመሳቢያ ቱቦ ግድግዳው ውስጥ የሽቦ ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ጥምዝ ያለው ለዚህ ነው።

ፓምፑ ላይ ያለው አፍ የአንድ ኢንች ነው። ግማሽ ኢንቹ ጎማ እንዴት ገባለት? በብልሃት። ጎማውን በእሳት አሙቀው ጎትተውታል፤ ያልደረሰበትን በካላማዳሪ፣ በመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ቁራጭ ጠቅልለውታል፤ በላዩ ላይ ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዘውበታል። ፋሸታ የሚባል፣ ቱቦውን ዙሪያውን እኩል የሚያጠብቅ ቀለበት፣ የለም። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ጎማውን ሲነክሰው፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ክፍተት ትቷል። ከላይ ሲታይ ግን ጥብቅ ያለ፣ የሚያኮራ ሥራ ነው።

ቱቦውን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘውን ትልቅ ዳዶ ፈታሁት። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን በቴፍሎን ሆኗል፤ ጠቅልለው ጠቅልለው ዳዶው መዞር እስኪያቅተው። ውስጡን በጣቴ ስዳብስ ግን ጓርኒሲዮኑ የለም። ጠፍጣፋዋ የጎማ ቀለበት ወድቃለች። እንዲህ ዓይነት መጋጠሚያ ላይ ጥርሱ የሚሠራው መጭመቅ ብቻ ነው። አየሩን የሚዘጋው መሀል ላይ የሚጨመቀው ጎማ ነው። ጎማው ከሌለ ቴፍሎን አንድ ጥቅልል ቢጨርሱበትም አይረባም።

ለምን ማንም አላየውም? አይንጠባጠብማ። የዚህ ችግር ተንኮሉ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሰው ቀዳዳ ሲፈልግ እርጥብ ቦታ ይፈልጋል። በመሳቢያ በኩል ያለ ቀዳዳ ግን ውሃ አያወጣም፤ አየር ነው የሚያስገባው። ደረቅ ነው። ድምፅ እንኳ ቢኖረው የሞተሩ ጩኸት ይውጠዋል። ልጁ የሚያንጠባጥበውን የፓምፑን ታች በጥንቃቄ ሲጠርግ፣ ከላዩ ደርቆ የተቀመጠው መጋጠሚያ ውሃውን ሲከለክለው ነበር።

ሦስተኛው ነገር ወንፊቱ ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ ግማሽ ያህሉ ቢጫ ነገር ደርቆባቸዋል። ማንኮዜብ ነው፤ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት። በደንብ ካልተማሰለ ታች ይዘቅጣል፣ ማታ ካልታጠበ ይደርቃል። ከወንፊቱ ጎን ደግሞ የመመለሻው ቱቦ ጫፍ በሽቦ ታስሯል። ሁለቱ ቱቦዎች እንዳይለያዩ ተብሎ ነው፤ ለአያያዝ ይመቻል። መመለሻው ግን አረፋ ነው የሚተፋው። ወንፊቱ ያንን አረፋ መልሶ ይስበዋል።

ችግሩን መልሶ ማምጣት

ወደ ጥገና ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ፈለግሁ፦ ፓምፑ እኛ ግቢ ውስጥ መቂ ላይ እንዳደረገው እምቢ እንዲለን። በርሜል በንጹሕ ውሃ ሞላን፤ ቱቦውን ከነጉዱ ገጠምነው፤ ሞተሩን አስነሳን። ልጁ በስልክ ያለው አንድ በአንድ ሆነ። መንተፋተፍ፣ አረፋ፣ መርፌው ዘሎ ዜሮ። ጋዝ ስንሰጠው አረንጓዴው ጎማ ከመሀሉ ጀምሮ ተጣበቀ። እትዬ አጠገቤ ቆመው «አየኸው! አየኸው!» አሉ። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ልጁ ውሸታም እንዳልሆነ መታየቱ ነው መሰለኝ።

ከዚያ አንድ በአንድ። ሁሉንም በአንዴ ቀይሮ «ሠራ» ማለት ይቻላል፤ ደንበኛም የሚወደው እሱን ነው። ግን የትኛው እንደነበረ አይታወቅም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያይ አያውቅም።

መጀመሪያ መመለሻውን ከወንፊቱ ፈትተን በርሜሉ ሌላ ዳር ላይ አደረግነው፣ ወንፊቱን አጠብነው። አረፋው ቀነሰ። መሳቡ ግን ያው ነው።

ቀጥሎ ከካላማዳሪ ክብ ጓርኒሲዮን ቆርጠን ዳዶው ውስጥ አስቀመጥን፣ ቴፍሎኑን ሁሉ ጠረግን፣ በእጅ አጠበቅነው። ሽቦውን በፋሸታ ቀየርን። አሁን በቀስታ ሲዞር ውሃው ጥርት ብሎ መጣ። መመለሻው ላይ አረፋ የለም። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ እትዬ ከፍለው ይሄዱ ነበር። ጋዝ ጨመርን። ጎማው እንደገና ተጣበቀ፤ መርፌው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ለምን ስፋቱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? የአንድ ኢንች ቱቦ ቀዳዳ ከግማሽ ኢንቹ በስፋት አራት እጥፍ ይበልጣል። ያው ውሃ በጠባቡ ሲያልፍ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በቱቦው ግድግዳ የሚባክነው ጉልበት ደግሞ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ያድጋል። በደቂቃ 20 ሊትር ያህል በስድስት ሜትር ግማሽ ኢንች ጎማ ለማሳለፍ፣ ፓምፑን ተጨማሪ 4 ሜትር ሽቅብ እንዲስብ እንደመጠየቅ ነው። በአንድ ኢንቹ ግን አሥራ ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ በቀስታ ሲዞር ይችላል፤ ሲፈጥን ፓምፑ ይራባል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ባዶነት ይጨምራል፣ የውጭው አየር ስሱን ግድግዳ ይደፍጥጠዋል። ከተደፈጠጠ ደግሞ ቀዳዳው ይበልጥ ይጠባል። ራሱን በራሱ ያንቃል።

አንድ ኢንች፣ ጥምዝ ያለው መሳቢያ ቱቦ ገዝተን ገጠምን። ርዝመቱን ወደ ሁለት ሜትር አወረድነው። ሞተሩን ሙሉ ጋዝ ሰጠነው። መርፌው ወጥቶ ቆመ። አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ አዲሱን ፈትቼ አረንጓዴውን መልሼ ስገጥም እትዬ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ሠራ እኮ! ምን ታደርገዋለህ?» አሉ። ያው ጓርኒሲዮን፣ ያው ፋሸታ፣ አሮጌው ጎማ፤ ተጣበቀ። አዲሱን መለስን፤ ቆመ። አሁን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ጥርጥር የለም። አረንጓዴውን ጎማ «የግቢ አበባ አጠጣበታለሁ» ብለው ሊወስዱት ነበር። መድኃኒት ያለፈበት ነው ብዬ አስቀረሁት፤ ማንም አንስቶ ቤቱ እንዳይወስደው ቆራርጠን ጣልነው። ምናለሽ ተራ ቢደርስ ኖሮ ሌላ ሰው ለመጠጥ ውሃ ይገዛው ነበር።

የቀድሞዎቹ ምን አጠፉ?

እትዬ ብልህ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ጥገና ቤት የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች በፌስታል ተቀብለው ነበር። አፍስሰን አየናቸው። ቫልቮላዎቹ ደህና ናቸው። አንዷ ላይ ብቻ ደረቅ ዱቄት ተጋግሯል፤ በውሃና በብሩሽ ለቀቀ። ስድስቱንም መቀየር አያስፈልግም ነበር።

ጎሚኒዎቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ከንፈራቸው ጠቁሮ ጠንክሯል፣ ተቃጥለዋል። እነሱን መቀየሩ ትክክል ነው። ብቻ የተቃጠሉት ፓምፑ ውሃ ሳያገኝ ስለዞረ ነው። የፒስቶን ፓምፕ ጎሚኒ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውሃ ነው፤ ደረቁን ሲዞር በፍጥነት ይጋላል። ልጁ «አሁን ይስብ ይሆናል» እያለ ሲያዞረው፣ የቱቦው ጥፋት ወደ ፓምፑ ተሻገረ። ጥገና ቤቱ በሽታውን ትቶ ቁስሉን አከመ፣ ቁስሉ ግን እውነተኛ ነበር። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልፈርድባቸውም። ልጁን አያያዝ አታውቅም ማለታቸው ግን ትክክል አልነበረም።

እኛ በመጨረሻ የፓምፑን ሆድ በራሱ ፈተሽነው። ሞተሩ እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ ነቅለን፣ ጓንት ባጠለቀ መዳፍ የመሳቢያውን አፍ ዘግተን፣ ፑሊውን በእጅ አዞርነው። መዳፉን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ሦስቱም ፒስቶን ይሠራሉ። ይህን ፈተና ማንም እርሻው ላይ ሊያደርገው ይችላል። መዳፍን ከያዘ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ፊቱን ወደ ቱቦው ያዙር። ካልያዘ ያኔ ይፈታ። አዲስ አበባ ድረስ ከመላክ በፊት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልጁ ሲመጣ ያሳየነው

ፓምፑን ሊወስድ ራሱ መጣ። አነሳሱን አብረን አደረግነው። የግፊቱን መቆጣጠሪያ እጀታ ወደ ልቅ ታደርጋለህ፤ ይህ ትልቁ ነገር ነው። ፓምፑ ገና አየር ይዞ ግፊት ካለበት፣ አየሩ ይጨመቃል እንጂ አይወጣም። ፒስቶኑ ወደፊት ሲሄድ አየሩን ያጨማድደዋል፣ ወደኋላ ሲመለስ ያው አየር ይዘረጋል፤ ውሃ የሚገባበት ቦታ የለም። እጀታው ልቅ ሲሆን ግን አየሩ በመመለሻው በኩል በነፃ ይወጣል። ከዚያ በቀስታ ታስነሳለህ፣ ዓይንህን መመለሻው ላይ ታደርጋለህ። መጀመሪያ ፉፉ ይላል፣ ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ። ጥርት ሲል እጀታውን ታጠብቃለህ፣ ጋዝ ትጨምራለህ። ግማሽ ደቂቃ ጠብቀህ ውሃ ካላየህ አጥፋ፤ ቱቦውን ፈትሽ። አታዙረው።

ልጁ ይህን ሲሰማ «እኔ ሁልጊዜ ግፊቱን አጥብቄ ነበር የማስነሳው» አለ። ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ ነው። ማንም አልነገረውም፤ የማሽኑ መመሪያ የት እንዳለም አይታወቅም።

ከካላማዳሪ የቆረጥናት ጓርኒሲዮን ጊዜያዊ ናት። ዘይትነት ያላቸው ፈሳሽ መድኃኒቶች እንዲህ ዓይነቱን ጎማ ያሳብጡታል፣ ያለሰልሱታል። ኬሚካል የሚችል ጎማ ሶማሌ ተራ ፈልገን አገኘን፤ አንዱን ገጠምን፣ ትርፉን ሰጠነው። የሁሉም ዋጋ፣ ቱቦውን ጨምሮ፣ ከዚህ በፊት ለቫልቮላዎቹ ከወጣው ያነሰ ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ በፊት ሲከራከሩበት የነበረውን የእጅ ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሉ።

ጥቂት ቆይቶ ልጁ ደወለ። ድምፁን ስሰማ ተመለሰ ብዬ ነበር። ማሽኑ ይረጫል፣ ግፊቱ ቆሟል፤ በርሜሉ ሊያልቅ ሲል ብቻ መርፌው ይዘላል። በርሜሉ ውስጥ ውሃው እየተሽከረከረ ወደ ወንፊቱ የሚወርድ ቀዳዳ ይሠራ እንደሆነ ጠየቅሁት። አዎ አለ። ውሃው ሲያንስ ወንፊቱ ዙሪያ አዙሪት ይፈጠራል፣ በመሀሉ አየር ይወርዳል። ወንፊቱን በጎኑ እንዳይተኛ አድርገህ ታች አሳርፈው፣ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ ውሃ ድረስ አትጠብቅ፣ ቀድመህ ሙላ አልኩት። ቱቦውን ከታጠበ በኋላ ፀሐይ ላይ እንዳይተወውም ጨመርኩለት። «ጥላ ውስጥ ነው ያለው፣ ጋሼ» አለኝ። ከጀርባው የአክስቱ ድምፅ ይሰማል፤ የሽንኩርቱን ዋጋ ሊነግሩኝ ስልኩን ሊቀሙት ነው።